ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራ ሥዕል የማን ነው?

አንድ ጥያቄ አለኝ። ማንም እንዲያየው ያልታሰበን ሥዕል ዛሬ ሁሉም ሰው እያየው ከሆነ፣ የተበደለ ሰው አለ? ወይስ ባለቤቱ ከሞተ በኋላ ምስጢር የሚባል ነገር አይኖርም?

ብዙዎቻችን ሳናስበው የያዝነው መልስ ሁለተኛው ነው። ቆንጆ ከሆነ ይውጣ፤ የቆየ ከሆነ ደግሞ የሁላችንም ቅርስ ነውና ይታይ። ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ጥበብ የባከነ ይመስለናል። ስልክ ይዘን ያደግን ልጆች ስለሆንን «ለምን አታጋራውም?» ለሚለው ጥያቄ የሚበቃ መልስ ያለ አይመስለንም።

እኔ አለ ባይ ነኝ። ግን ለሁሉም ነገር የሚሆን አንድ መልስ የለም። ነገሩን የሚወስነው ሥዕሉ ከማንና ለምን እንደተደበቀ ነው። እኔ ሦስት ዓይነት መደበቅ አውቃለሁ፤ አንዱ ከጃፓን፣ ሁለቱ ከአገሬ ከጋይንት።

ለጨዋታ የተደበቀ

ከሩቁ እንጀምር። ኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የሕትመት ከተማ ነበረች። ሥዕሉ በእንጨት ላይ ይቀረጻል፣ እንጨቱ ቀለም ይቀባል፣ ወረቀት ይጫንበታል። ለእያንዳንዱ ቀለም ለብቻው የተቀረጸ እንጨት አለ። የቲያትር ተዋናይ ሥዕል፣ የቆንጆ ሴት ሥዕል፣ የተራራና የመንገድ ሥዕል በብዛት እየታተመ በየሱቁ ይሸጥ ነበር። የዘመኑ ፖስተር በሉት።

ከዚህ ገበያ ጎን ግን ገበያ የማይወጣ ሕትመት ነበር፤ ሱሪሞኖ ይባላል። ትርጉሙ እንዲያው «የታተመ ነገር» ማለት ነው። ባብዛኛው የሚያዙት የግጥም ማኅበራት ነበሩ። ኪዮካ የሚባል፣ ቀልድ ያለበት አጭር ግጥም የሚገጥሙ ሰዎች ይሰባሰባሉ፤ አዲስ ዓመት ሲመጣ ግጥሞቻቸውን መርጠው ለሠዓሊ ይሰጣሉ፤ ሥዕልና ግጥሙ አንድ ላይ ይታተምና ለማኅበሩ አባላትና ለወዳጅ ይታደላል። በቃ። ሱቅ አይገባም፣ ዋጋ የለውም።

ሊያተርፉበት ስላልፈለጉ ለወጪውም አይሳሱም ነበር። ወፍራምና ለስላሳ ወረቀት፣ እንደ ወርቅና እንደ ብር የሚያብለጨልጭ የብረት ዱቄት፣ አልፎ አልፎም ያለ ምንም ቀለም እንጨቱን በመጫን ብቻ የሚወጣ ቅርጽ አለ፤ ይህን በዓይን ከማየት በጣት መዳሰስ ይቀላል። በጣም የተለመደው መጠን በእያንዳንዱ ጎኑ ሃያ ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሳይሆን እጅ ላይ ተይዞ፣ ወደ ብርሃን ዘንበል እየተደረገ የሚታይ ነገር ነው።

ከእነዚህ ብዙዎቹ ሰው የለባቸውም። የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ስቲል ላይፍ የሚሉት ዓይነት ናቸው፦ አንድ የሻይ ዕቃ፣ ያበበ ቅርንጫፍ፣ ዛጎል፣ የትምባሆ ከረጢት። ራሱ ገጣሚ የነበረው ኩቦ ሹንማን (1757–1820 እ.ኤ.አ.) በዚህ ዓይነቱ ሥራ ስሙ የተነሣ ነው። ዕቃው ዝም ብሎ የተቀመጠ ይመስላል፤ ግን እያወራ ነው። እ.ኤ.አ. 1822 በጃፓኖች አቆጣጠር የፈረስ ዓመት ነበር። ለዚያ አዲስ ዓመት አንድ የግጥም ማኅበር ሆኩሳይን ተከታታይ ሱሪሞኖ አሠራው፤ ያንን በመላው ዓለም የሚታወቀውን ትልቅ ማዕበል በኋላ የሠራው ሆኩሳይ ማለት ነው። እሱም ፈረስ እየደጋገመ አልሳለላቸውም። በስማቸው ወይም በታሪካቸው ውስጥ «ፈረስ» የተሸሸገባቸውን ነገሮች እየፈለገ ሳለላቸው። ተቀባዩ ዕቃውን አይቶ፣ ግጥሙን አንብቦ፣ ፈረሱን ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል።

ጋይንት ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ አይደንቀውም። ዕቃው ሰም ነው፣ ፈረሱ ወርቅ ነው። እኛ ዘንድም ቅኔ ለዕለቱ፣ ለበዓሉ፣ እዚያ ለቆሙት ሰዎች ይቀርባል፤ የትናንቱን ዛሬ ደግሞ ማቅረብ ያሳፍራል። የገባው ፈገግ ይላል፤ ያልገባው አጠገቡ ያለውን ይጠይቃል።

ታዲያ ሱሪሞኖ ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ሙዚየሞች ውስጥ ነው፤ ማንም በስልኩ አጉልቶ ሊያየው ይችላል። ያኔውም ቢሆን ነገሩ ከማኅበሩ እጅ ብዙ ሳይቆይ ወጥቷል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሰብሳቢዎች ሲሻሙበት እንጨቱ እንደገና እየተቀረጸ ቅጂ ታትሞ ተሽጧል። ስጦታው ሸቀጥ ሆነ። የተበደለ ሰው አለ?

እኔ የለም እላለሁ። የገጣሚዎቹ ስም እዚያው ወረቀቱ ላይ ታትሟል፤ ያውም የብዕር ስም፣ ብዙ ጊዜም የቀልድ ስም፣ እኛ ቴሌግራም ላይ እንደምናወጣው ዓይነት። ስሙን ያተመ ሰው መታወቅን ፈልጓል። መደበቁም ግብዣ ነበር፤ «እስቲ ፍታው» የሚል። ሁለት መቶ ዓመት ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ቢፈታው ማንም አይቀየምም። ዕዳችን አንድ ብቻ ነው፦ ልፋቱን መክፈል። ሱሪሞኖን «ኦ ያምራል» ብሎ በጣት ገፍቶ ማለፍ፣ ቅኔ እየተዘረፈ የቀሚስ ጥለት እንደማየት ነው። የጠፋ ነገር ካለ የጠፋው ከእኛ ነው።

ለሕመም የተደበቀ

አሁን ወደ አገር ቤት እንመለስ። እኛ ዘንድ ለአንድ ሰው ብቻ ታዝዞ የሚሠራ ሥዕል ክታብ ነው።

ክታብ ረጅምና ጠባብ ብራና ነው። ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ የተዘጋጁ ቁራጮች ጫፍና ጫፋቸው ተሰፍተው ይቀጠላሉ። ብዙ ጊዜ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው፤ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ ተብሎ። ላዩ ላይ ጸሎት በግእዝ በጥቁር ቀለም ይጻፋል፤ ቀዩ ቀለም ለከበሩ ስሞችና ለባለቤቱ የክርስትና ስም ነው። በጽሑፉ መሐል ሥዕል አለ፦ መስቀል፣ ሰይፍ የያዘ መልአክ፣ ማዕዘኑ የበዛ ኮከብ፣ ከሁሉ በላይ ግን ዓይን። ትልልቅ፣ አፍጥጠው የሚያዩ ዓይኖች። ከዚያ ይጠቀለልና ቆዳ ይሰፋበታል፤ አንገት ላይ ይንጠለጠላል፣ ወይም አልጋ አጠገብ ይሰቀላል።

ሠሪው ደብተራ ነው፤ ስሙን አይጽፍበትም። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ይህን ሥራ ሲያወግዙት ኖረዋል፤ ሰዉም በተቸገረ ጊዜ ወደ ደብተራው ቤት መሄዱን አላቆመም። እኔ ስለ ክታብ ኃይል ልከራከር አልመጣሁም። የሚያስጨንቀኝ ሥዕሉ ነው።

ክታብ ሠሪዎችን ለዓመታት ቀርቦ ያጠናው ፈረንሳዊው ዣክ መርሲዬ አንድ ነገር ያስረዳል። የክታብ ሥዕል ለጌጥ አይደለም፤ ታማሚዋ ልታየው የተሠራ ነው። እሷ ስታይ፣ ውስጧ ያለው መንፈስ በእሷ ዓይን በኩል ያያል፤ ያየውም ያስደነግጠውና ይሸሻል። እንግዲህ አስቡት፤ ይህ ለአንድ ጥንድ ዓይን የተሠራ ሥዕል ነው። ሌላ ተመልካች በሥራው ውስጥ ቦታ የለውም።

ሱሪሞኖ የአንድ ዓመት ደስታ ነው፤ ክታብ የአንድ ሰው ሕመም ነው። ጽሑፉ ሕመሙን በስም ይጠራል። የራስ ምታት፣ ቁርጠት፣ ዓይነ ጥላ፣ ልጅ የሚነጥቅ ሾተላይ። ልጅ ለሚሞትባት እናት የሚጻፈው የቅዱስ ሱስንዮስ ጸሎት ነው፤ ሕፃናት ትገድል የነበረችውን ውርዝልያን ድል ያደረገበት ታሪክ። ይህንን ጸሎት ከአንዲት ሴት ስም ጋር ያየ ሰው ሌላ ምንም ሳይነገረው የቤቷን ኀዘን አወቀ ማለት ነው።

አሁን የቤቴን ጉዳይ ልንገራችሁ። ነፋስ መውጫ፣ በእናቴ ሣጥን ውስጥ፣ አንድ እጅ የሚጨብጠው በቆዳ የተሰፋ ጥቅል አለ። የአያቴ ነው። አያቴ ከእናቴ በፊት ሦስት ልጆች ቀብራለች። አራተኛዋ ስትፀነስ ነው ያሠራችው፤ አራተኛዋ እናቴ ናት። አያቴ እስክትሞት ድረስ ከአንገቷ አላወረደችውም፤ ልብስ ስትቀይር እንኳን ዞር ብላ ነበር። ከሞተች በኋላ ማን ይውሰደው፣ ምን ይደረግ የሚለው ነገር ቤተሰቡን ለሁለት ከፈለው።

የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ ግራፊክስ ይሠራል። «እንፍታው» አለ። «ውስጡ ያለው ሥዕል ምን እንደሚመስል አታውቁም። ሣጥን ውስጥ አይጥ ይበላዋል እንጂ ማን ይጠቀማል? ስካን እናድርገው፣ ሰው ይየው፣ የእኛ ጥበብ ነው።» አንድ ዕቃ ነጋዴም ወሬውን ሰምቶ ፎቶ ላኩልኝ፣ ዋጋ ልንገራችሁ ብሎ ነበር፤ እሱን ሁላችንም ዝም አልነው።

እናቴ የመለሰችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «የእሷ ሕመም ነው እዚያ ውስጥ ያለው። ሕመሟን ለማን ነው የምታሳዩት?»

ሲሰሙት የእናቴ ቃል የሚያሸንፍ ይመስላል። ግን የአክስቴ ልጅ ደካማ ክርክር አልያዘም፤ እንዲያውም እኔ ካሰብኩት በላይ ጠንካራ ነው። እስቲ ልብ በሉ፤ እኔ ከላይ ስለ ክታብ የጻፍኩላችሁን ሁሉ ከየት አወቅሁት? የአያቴን ክታብ ከፍቼ አላየሁም። ያወቅሁት የሌሎች ሰዎች ክታብ ስለተከፈተ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1933 አፍሪካን ከዳካር እስከ ጅቡቲ ያቋረጠው፣ ማርሴል ግሪዮል የመራው የፈረንሳይ ቡድን ጎንደር ላይ ወራት ተቀምጦ ነበር። የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንስቶ ወሰደ፤ ከብራና መጻሕፍት ጋር ክታብም ሰበሰበ። ዛሬ ፓሪስ ናቸው። በሌሎች የአውሮፓና የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍትም በመንከባለል ላይ ያሉ ክታቦች ብዙ ናቸው። በእያንዳንዳቸው ላይ የአንዲት እናት ወይም የአንድ አባት የክርስትና ስም አለ። የእኔ እውቀት በእነዚያ ሰዎች ገመና ላይ የቆመ ነው። የእነሱን አንብቤ የአያቴን «አይነካም» ብል፣ ሥነ ምግባሬ ለዘመድ ብቻ የሚሠራ ይሆናል።

በዚህ ላይ ለወራት ቆዝሜአለሁ። ያወጣኝ ከራሱ ከክታቡ ልማድ የተገኘ አንድ ነገር ነው።

የብራና መጽሐፍ ያሠራ ሰው ስሙን መጽሐፉ ላይ ያስጽፋል። ለቤተ ክርስቲያን ከሰጠው ደግሞ ስሙ በጸሎት እንዲታሰብ ይፈልጋል። ስለዚህ በብዙ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ መጽሐፉን የሰረቀና ስሙን የፋቀ በሐዋርያት ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል ታገኛላችሁ። ስም መፋቅ እርግማን የሚያስከትል ወንጀል ነው። ክታብ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ክታብ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ፣ የፊተኛዋ ስም ተፍቆ የአዲሷ ባለቤት ስም በቦታው ይጻፋል። ብዙ ክታቦች ላይ የተፋቀው ቦታ ዛሬም በዓይን ይለያል፤ ብራናው ሳስቶ፣ ቀለሙ ተለይቶ። እዚህ ስም መፋቅ ወንጀል አይደለም፤ ርክክብ ነው። ጸሎቱና ሥዕሉ ይተላለፋል፣ ስሙ ግን ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል።

ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። መጽሐፉ ያሠራውን ሰው ለሕዝብ ያስታውሳል፤ ክታቡ ያሠራችውን ሴት ከሕዝብ ይሸሽጋታል። የሥራውን ዓይነት የሚነግረን ከስሙ ጋር የሚደረገው ነገር ነው። ሱሪሞኖ ላይ ስሙ ታትሟል፣ መጽሐፉ ላይ ስሙ በውግዘት ተጠብቋል፣ ክታቡ ላይ ስሙ ይነሣል። የሠሩትና ያሠሩት ሰዎች ፈቃዳቸውን ሳይጽፉ አልሞቱም፤ እኛ ነን ያላነበብነው።

ስለዚህ ለቤተሰቡ ያቀረብኩት ሐሳብ ይሄ ነው፦ እንክፈተው፣ ግን አንድ ጊዜ። ግእዝ የሚያውቅ ሰው ባለበት፣ እናቴ ባለችበት። ሥዕሉ ፎቶ ይነሣ፣ ጸሎቱ ይገልበጥ፤ ስሟ ያለበት ቦታ ግን ባዶ ይተው። ዋናው ተመልሶ ይሰፋ። ባዶው ቦታ እውነትን መደበቅ አይደለም፤ ደብተራው ራሱ ክታቡን ለሌላ ሰው ሲያስተላልፍ የሚያደርገው ነው። ፓሪስ ላሉትም ይኸው ሕግ ይሠራል። ፎቶአቸው ይታይ፣ ምሁር ያጥናቸው፤ ድረ ገጽ ላይ ሲለጠፉ ግን የሴቲቱ ስምና የማኅፀኗ ታሪክ አብሮ ለምን ይለጠፋል? ለጥበብ ታሪክ የሚጨምረው ነገር የለም።

የአክስቴ ልጅ ተስማምቷል። እናቴ ገና አልተስማማችም፤ «እስቲ እንየው» ብላለች። «እንየው» ባለችበት እስካሁን እየጠበቅን ነው። የመጨረሻው ቃል የእሷ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ክታቡ ሲሠራ ከባለቤቷ ሌላ እዚያ የነበረች እሷ ብቻ ናት፣ በማኅፀን ውስጥ።

ለመጠበቅ የተደበቀ

ሦስተኛው መደበቅ እዚያው ጋይንት ውስጥ ነው። ቤተ ልሔም።

ስለ ቤተ ልሔም የማያውቅ ካለ፦ የቅዱስ ያሬድ ድጓ የሚመሰከርባት ቦታ ናት። አንድ የዜማ ተማሪ የትም ተምሮ ይምጣ፣ ድጓ መምህር ለመሆን ቤተ ልሔም ሄዶ ማስመስከር አለበት። ቤተ ክርስቲያኗን ከውጭ ስታዩአት በአካባቢው እንዳሉት ሁሉ ክብ፣ የሣር ክዳን ያላት ነበረች። ግን ከክቡ ክዳን ሥር ሌላ ሕንፃ አለ፤ አራት ማዕዘን፣ በድንጋይና በእንጨት የተሠራ፣ የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን። ክቡ እንደ ጃንጥላ ሸፍኖታል።

እ.ኤ.አ. በ1955 ወጣቱ እንግሊዛዊ ቶማስ ፓከንሃም እዚያ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉም የውጭው ዓለም ስለ ሕንፃው ሰማ። «ተገኘ» ተባለ። ደስታውን አልነፍገውም፤ ያየውን በክብር ጽፏል። ግን «ተገኘ» የሚለው ቃል ያስቀኛል። ከማን ጠፍቶ ነበር? በየዕለቱ ውስጡ የሚቆሙ ካህናት ነበሩ፤ ደጁ ላይ ዜማ የሚያጠኑ ተማሪዎች ነበሩ። ቤቱ ከማንም አልተደበቀም። ከዝናብ ነው የተደበቀው።

እዚህ ጋ እንቆቅልሽ የለም፣ የሚጋለጥ ቁስልም የለም። ያለው ጥበቃ ነው፤ ጠባቂ ደግሞ ሰው ነው። በየቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ፊት መጋረጃ ይዘረጋል፤ የሚገለጥበት ሰዓት አለው። ያ ሰዓት እስኪደርስ መጠበቅ የማየቱ አካል ነው። ለዚህ ዓይነቱ የሚገባው ምግባር ቀላል ነው፦ ጠባቂውን መጠየቅ፣ «ቆይ» ካለም መቆየት። ካሜራ ስለያዝን ሰዓቱ አይለወጥም።

እንግዲህ «ለአንድ ሰው የተሠራ ሥዕል የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ ባለቤቱን ከመፈለጌ በፊት ሌላ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ለምን ተደበቀ? ለጨዋታ ከሆነ ግባና ተጫወት፣ ግን ልፋ። ለሕመም ከሆነ ሥዕሉን እይ፣ ስሙን ተው። ለጥበቃ ከሆነ ጠባቂውን ጠይቅ።

ይህ ስለ ድሮ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ስልካችን ውስጥ ለአንድ ጥንድ ዓይን ተብሎ የተላከ ስንት ነገር አለ። ሌሊት የተጻፈ መልእክት፣ እያለቀሰች የቀዳችው ድምፅ፣ ለአንተ ብቻ የላከው ፎቶ። ቀልድ ከሆነ አስተላልፈው፣ እንቆቅልሽ ከሆነ አብራችሁ ፍቱት። ሕመም ከሆነ ግን ስክሪንሾት ለማድረግ ሁለት ቁልፍ ከመጫንህ በፊት አስብ። ደብተራው እንኳን ክታቡን ለሌላ ሰው ሲያሳልፍ ቢላዋውን አንስቶ መጀመሪያ የሚፍቀው ስሙን ነው።